ሽቅብ የወጣው ውሃ

ቧንቧ ሠራተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። ስለ ውሃ የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ውሃ ሰነፍ ነው፤ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አያውቅም። ሽቅብ አስኪደው ካልክ ሞተር አምጣና ግፋው» ይላል። ይህን ሲል እንደ ሠራተኛ ሳይሆን ውሃን ወልዶ እንዳሳደገ ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እናቱ ፊት፣ ውሃ እንዴት አድርጎ እንዳሳፈረው ልንገራችሁ።

እናቱን ሰፈሩ «እትዬ ላምባ» ይላቸዋል። በጉብዝናቸው ዘመን በበር ላይ ሁለት በርሜል አቁመው ላምባ እየቀዱ ይሸጡ ነበርና ነው። ሱቁ ከተዘጋ ሃያ ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መስታወት ቆራጭ ነበሩ። በሳሎኑ ውስጥ ከጥግ እስከ መስኮት የተዘረጋውን የዓሣ መስታወት በእጃቸው ቆርጠው፣ በእጃቸው አጣብቀው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሲሠሩት ግን በር የሚባል ነገር መኖሩን ረስተው ኖሮ፣ መስታወቱ ግድግዳ ካልፈረሰለት በስተቀር ከዚያ ክፍል ንቅንቅ አይልም።

መስታወቱ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ዓሦችና አንድ ትልቅ ወርቃማ ዓሣ ይኖራሉ። ትልቁ «ጋሼ» ይባላል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከሰው መዳፍ ይረዝማል፤ ሲዋኝም እንደ ልጆቹ አይቅበዘበዝም፤ ጡረታ እንደወጣ ኃላፊ ሆዱን አስቀድሞ ወዲህ ወዲያ ይላል። ቤተሰቡ «ጋሼ በሉ ወይ?» «ጋሼ ዛሬ ምነው ከፋቸው?» እየተባባለ በአክብሮት ነው የሚያነሣው። «አንተ ሆዳም» የሚሉት እትዬ ላምባ ብቻ ናቸው፤ የሚያበሉት እሳቸው ስለሆኑ ማን ይከለክላቸዋል? ማለዳ ማለዳ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው መስታወቱን በጥፍራቸው ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ጋሼም ካለበት ተነሥቶ ይመጣና አፉን ከፈት ከደን እያደረገ ፊት ለፊታቸው ይቆማል። እንዲህ ሲሆኑ ግማሽ ሰዓትም ይቆያሉ፤ ምን እንደሚባባሉ የሚያውቅ የለም።

ከአራት ወር በፊት ታዲያ እትዬ ላምባ መጋረጃ ልስቀል ብለው ዱካ ላይ ወጡ። በሰባ አራት ዓመታቸው! ማን ውጡ አላቸው? ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ገብተው ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ ሲወጡም ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተኙ። አጥንቱስ ገጠመ። ያልገጠመው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ቀን ከአልጋ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ አልጋ ሲያገላብጧቸው «እትዬ፣ ላንሣዎት ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው አልነበረም። ቤት ሲደርሱ ደግሞ ልጃቸውና ሁለት ጎረቤቶች በአንሶላ ተሸክመው ደረጃውን ሲያወጧቸው፣ በመንገደኛው ሁሉ ፊት ቀሚሳቸው ተገለበጠ። ያን ቀን እትዬ ላምባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በዚያው ቀሩ።

ምግብ ሲቀርብላቸው ሁለት ጉርሻ፣ ሲጠየቁ አንድ ቃል። በየሐሙሱ የምትመጣው የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ አንድ ቀን ቧንቧ ሠራተኛውን ኮሪደር ላይ ነጥላ አነጋገረችው።

«አጥንታቸው ድኗል። ግን ሰውነት ካልቆመ መቆም ይረሳል። በዚህ ወር በእግራቸው ካልቆሙ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከዚያ በኋላ አይቆሙም።»

ወገቡን ተመታ። እሷ ያመጣችው የብረት መራመጃ ከአልጋው ራስጌ ቆሟል፤ ሥራው ግን የታጠበ ልብስ ማስጫ መሆን ነው። «እማዬ፣ ሳሎን ላውጣሽ፤ ጋሼን እይው» ቢላቸው «እንደ ጆንያ አታመላልሱኝ» አሉ። እሺ ብሎ ጋሼን በባልዲ ጨልፎ ወደ ክፍሉ አመጣው። ያን ጊዜ የሆነውን አያድርስ ነው! ዓሣው በድንጋጤ ከባልዲው ዘሎ ወለሉ ላይ ተዘረረ፤ ሲንፈራፈር የሰማ ጆሮ እንኳ ይሰቀጥጠዋል። እትዬ ላምባ ከግድግዳው ሳይዞሩ ጮኹ።

«ምን አድርጎህ ነው? ጠይቀኸዋል? አምጣው ብዬሃለሁ? መልሰው! አሁኑኑ መልሰው!»

መለሰው። ዓሣው ሁለት ቀን በጎኑ ተኝቶ ከርሞ በስንት ልመና ተነሣ። ቧንቧ ሠራተኛው ግን ቅስሙ ተሰበረ። ልብስ ሰፊ ሚስቱ ያን ሰሞን ምሳ ላይ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ ለቀልድ ያህል፣ «እማማ አልወሰድም ካሉ፣ ጋሼም አልወሰድም ካሉ፣ እንግዲህ ጋሼ በእግራቸው ይምጡ ማለት ነው» አለችው። ሰውየው እጁ አፉ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ ተነሣና ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጥ ጀመር። የሳሎኑ መስታወት የተጠጋበት ግድግዳና እናቱ አፍጥጠው የሚውሉበት ግድግዳ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ነገር ነው፤ ሥራ ላይ ደግሞ ሰውየው አይታማም። አንድ ፀጉር አስተካካይ ሊጥለው የነበረ መለስተኛ የዓሣ መስታወት አምጥቶ፣ በብረት መቆሚያ ከእናቱ አልጋ ግርጌ አቆመው። በቀጭን የሚያሳይ ቱቦ ውሃ ሞልቶ የሁለቱን መስታወቶች አፍ ከፍታ በግድግዳው ማዶና ማዶ ለካ፤ የፀጉር ያህል እንኳ አላበላለጠም። ሁለቱን በታች በኩል በስቶ በቧንቧ ለማገናኘት መብሻውን ሲያስጮኽ፣ ከእናቱ ክፍል ድምፅ መጣ።

«ያባትህን መስታወት ብትበሳ ልጄ አይደለህም።»

«በየት ላሳልፈው ታዲያ እማዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቧንቧ ሠራተኛው አንተ።»

ስለዚህ በላይ ሊያሳልፈው ወሰነ። ማስታወቂያ ሠሪ ጓደኛው የሰው ጭን የሚያክል፣ እንደ መስታወት ወለል አድርጎ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጦ ሰጠው። አንዱ እግሩ ሳሎን ባለው ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ሌላው እግሩ በእናቱ ክፍል ባለው። ሁለቱን የሚያገናኘው ወገቡ ደግሞ ከውሃው ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ግድግዳውን ሰንጥቆ ያልፋል። ግድግዳው ሲበሳ አቧራው እትዬ ላምባ ፊት ላይ ቦነነ። «ግድግዳዬንም ልትቀሙኝ ነው?» አሉና አንሶላቸውን ተከናነቡ።

አሁን ልብ በሉ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቧንቧ ሰዎች አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው፤ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ በሚወርድበት ቦታ፣ አናቱ ላይ አየር መተንፈሻ ይደረጋል። አለዚያ አየሩ አናት ላይ ታፍኖ ውሃውን ያግደዋል። ቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሕግ የተማረው በልጅነቱ፣ መምህሩ ጭንቅላቱን በመፍቻ ኮርኩሞት ነው። ሠላሳ ዓመት መተንፈሻ ሳያደርግ የገጠመው ቧንቧ የለም። በዚህኛውም አናት ላይ፣ በእናቱ ክፍል በኩል፣ ጣት የምታስገባ ቆንጆ መተንፈሻ ሠራለትና ዞር ብሎ ራሱን አደነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን መስታወቶች እስከ አፋቸው ሞላ። የቱቦውን ሁለት እግሮች ከታች በጎማ ደፈነ፤ በመተንፈሻው በኩል ውሃ እያንቆረቆረ ቱቦውን ጢም አደረገው። ሚስቱ ሳሎን፣ እሱ እዚህ፣ ክንዳቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተዘጋጁ።

«በሦስት! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ጎማዎቹ ሲነቀሉ በቱቦው ውስጥ የነበረ አንድ ጀሪካን ተኩል ውሃ ጓ ብሎ ወረደ። ትንሹ መስታወት አፉ ሞልቶ ገነፈለ፤ ወለሉ ጎርፍ ሆነ፤ ነጠላ ጫማ ተንሳፈፈ፤ ሚስቱ ከሳሎን «ወይኔ ምንጣፌን!» አለች። ቱቦው ባዶውን ቀረ። ቧንቧ ሠራተኛው እስከ ደረቱ ርሶ እርጥቡ ወለል ላይ ዘፍ አለ። የሠላሳ ዓመት ሙያው ፊቱ ላይ እንደተፋበት ነው የተሰማው። ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ እናቱን ግን ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ አልቻለም። ሆድ ባሰውና አንገቱን ደፋ።

«ያ ቀዳዳ ምንድን ነው?» የሚል ድምፅ ሰማ።

«መተንፈሻ ነው እማዬ።»

«ማን ነው እዚያ ውስጥ የሚተነፍሰው?»

ቀና አለ። እትዬ ላምባ በክርናቸው ተደግፈው ቱቦውን ሽቅብ እያዩ ነው። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ያላየውን ፊታቸውን በቀን ብርሃን አየው፤ ከስቷል፤ ዓይናቸው ግን የድሮው የበርሜል ባለቤት ዓይን ነው።

«እኔ ላምባውን ከበርሜል ሳወጣ ሞተር ነበረኝ ወይ? ላስቲኩን ነክሬ እስበው ነበር፤ በቃ። የበርሜሉን አፍ ራሱ ወጥቶ፣ ራሱ ይወርዳል። ላስቲኩ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ካለበት ግን ተመልሶ ይተኛል። አየር የሚያስገባበትን በር ከፍተህለት ምን ያድርግ? ድፈነው!»

ጉድ በሉ! ይህን ነገር በልጅነቱ በርሜሉ ሥር ቁጭ ብሎ ሺ ጊዜ አይቶታል። ግን ላምባው የእናቱ ሥራ፣ ቧንቧው የራሱ ሙያ ነውና አንዱን ከአንዱ አገናኝቶ አያውቅም። ኀፍረቱ ጆሮውን አጋለው። ቶሎ ብሎ መተንፈሻውን በሩቢኔት ዘጋና በሩቢኔቱ አፍ ላይ ቀጭን ጎማ ሰካ። ጎማውን በአፉ ሊይዝ ሲል ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በለው። ይኼ የእኔ ሥራ ነው።»

ለመያዝ እጃቸው አልበቃ ሲላቸው ተነሥተው ተቀመጡ። ማንም አላነሣቸውም። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

እትዬ ላምባ ጎማውን ከንፈራቸው መሐል ከተው ሳቡ። በሁለቱም የቱቦ እግሮች ውስጥ ውሃው ብድግ አለ። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ቆነጠጡና አየሩን በጎን ተፉ፤ ውሃው ባለበት ቆሞ ጠበቃቸው። ደግመው ሳቡ፤ ሁለት ጣት ያህል ወጣ። ሦስተኛ፤ አራተኛ። ሲደክማቸው ለምራታቸው፣ ምራታቸው ለልጃቸው እያቀበሉ፣ ሦስቱም እየተፈራረቁ ሳቡት። ቧንቧ ሠራተኛው ተራው ባልሆነ ጊዜ አንገቱን አቅንቶ ያያል። የሚገፋው የለም። ሞተር የለም፣ ጩኸት የለም። ያ ሰነፍ ያለው ውሃ፣ በአሮጊት ትንፋሽ፣ ዝም ብሎ፣ ሽቅብ እየወጣ ነው። ከዚህና ከግድግዳው ማዶ እኩል ወጥቶ፣ ወገቡ ጋ ደርሶ፣ ከሁለት ወገን እየተሳበ መሐል ላይ ተገናኘ። የመጨረሻዋ የአየር ፊኛ በቱቦው አናት እየተንከባለለች መጥታ በሩቢኔቱ ወጣች። እትዬ ላምባ አፍ ውስጥ ውሃ ገባ።

«ቱ!» አሉ። «ከላምባ ይሻላል።»

ቧንቧ ሠራተኛው ሩቢኔቱን ዘግቶ ጎማውን ነቀለ። ውሃው አልወረደም። ከመስታወቱ አፍ በላይ፣ ምንም ሳይሸከመው፣ ከክፍል ክፍል ተዘርግቶ ቆሟል። በመስኮት የገባው ፀሐይ በውስጡ አልፎ ጣራው ላይ ተወዛወዘ። ሰውየው እጁን በአፉ ላይ ጫነ። ሠላሳ ዓመት አብሮት የኖረውን ውሃ አያውቀውም ነበር ለካ! ፈራ ማለት ይቻላል፤ መንካትም ፈራ። ዝቅ ብሎ መፍቻውን ለቀመ።

ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹ ዓሦች አንድ ሁለት እያሉ ተሻገሩ። በሰው ራስ ቁመት፣ ግድግዳ ውስጥ፣ ዓሣ ሲያልፍ ማየት! ሚስቱ ስፌቷን ጥላ «ኧረ በፈጠረህ!» እያለች ከክፍል ክፍል ስትሮጥ ዋለች። ጋሼ ግን አልመጣም። ቱቦው እግር ሥር ይደርስና ቀና ብሎ አይቶ ይመለሳል።

«ምግብ እዚህ በኩል ላድርግለትና ልጥራው?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«አይደረግም። በጉቦ እንዲመጣ አልፈልግም። መምጣት ካለበት ደስ ሲለው ይምጣ።»

እሑድ አልመጣም። ሰኞም አልመጣም። እትዬ ላምባ ግን ፊታቸው ወደ ቱቦው ነው፤ ትራሳቸውን ደራርበው፣ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። «የት ደረሰ ያ ሆዳም?» ይላሉ በየሰዓቱ። ሚስቱም ከሳሎን «ገና እያሰቡበት ነው እማማ!» ብላ ትመልሳለች። ሐሙስ ባለሙያዋ መጥታ እንዲቆሙ ብትለምናቸው «እንግዳ እየጠበቅኩ ነው» ብለው መለሷት። ቧንቧ ሠራተኛው ቀኑን በጣቱ እየቆጠረ ነው፤ ልቡ ተሰቅሏል። ጋሼ ሳይመጣ ቢቀርስ? ተመልሰው ወደ ግድግዳው ቢዞሩስ? ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ከዚያ አይብስም ወይ? ለማንም አልተናገረም፤ ብቻ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት የቱቦውን መገጣጠሚያ በጣቱ እየዳሰሰ ይወጣል።

ቅዳሜ ማለዳ ላይ ነው። ሰውየው ለእናቱ ሻይ ይዞ ሲገባ እትዬ ላምባ አልጋቸው ጫፍ ድረስ ተንፏቀው ወጥተዋል። የመስታወቱን ጠርዝ በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉ። ሁለቴ ብቻ። ድምፁ በውሃው ውስጥ ሄደ መሰለኝ።

ሳሎን ውስጥ ጋሼ ዞረ። ሚስቱ አየችው፤ «ጋሼ ተነሥተዋል!» አለች በሹክሹክታ። በቱቦው እግር ገብቶ ሽቅብ ወጣ። ከውሃው በላይ፣ ሟቹ አባወራ ከሠሩት መስታወት በላይ፣ ያ ወርቃማ ሆድ በአየር ላይ እንደተንሳፈፈ ወጣ። ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ጠፋ። ቧንቧ ሠራተኛው ሻዩን እንደያዘ ደረቀ። ሰላሳ እስኪቆጠር ድረስ ምንም አልታየም። ተጣብቆ ይሆን? ሲል፣ መጀመሪያ ያቺ የምትከፈት የምትከደን አፍ ብቅ አለች፤ ቀጥሎ ሙሉ ሰውነቱ በፀሐይ ውስጥ ቦግ አለ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ሳይቸኩል፣ በወዲያኛው እግር ወርዶ፣ መስታወቱን ታክኮ እትዬ ላምባ ፊት ለፊት ቆመ።

እትዬ ላምባ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አኖሩ። ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«መጣህ?» አሉት። «ከስተሃል እኮ አንተ ሆዳም።»

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ድሮው ሆኑ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ጋሼ አንዴ ዞር ዞር ብሎ ክፍሏን ቃኘና በመጣበት ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ወሽመጡ ተቆረጠ።

«ሄደ እኮ እማዬ።»

«ታዲያስ? በሽተኛ ጠይቆ አይሄድም እንዴ? ሊያድር ነው የመጣው?» አሉ። ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ «ያንን ብረት ወዲህ አቅርብልኝ» አሉ።

«የቱን?»

«መራመጃውን ነዋ! ልብሱን አንሡለት። ከቤቱ ወጥቶ ጠይቆኛል፤ እኔ ተኝቼ ልቅር?»

ሚስቱ እየሮጠች መጥታ ልብሱን በክንዷ አቀፈችው። እትዬ ላምባ እግራቸውን ወለሉ ላይ አወረዱ። ልጃቸው ብብታቸው ሥር እጁን ሊሰድ ጎንበስ ሲል ቆጣ አሉ።

«እጅህን! ያንን ውሃ ማን ገፋው? ተወኝ።»

እጁን ሰበሰበ። በሕይወቱ እንደዚያ ከባድ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ቆሞ ማየት። ብረቱን ጨበጡ፤ ጉልበታቸው ተብረከረከ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ተነፈሱ። ደገሙት። ወገባቸው ቀስ እያለ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ሽቅብ ወጣ፤ ወጣና ቆመ። ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ድምፁን ግን ዋጠው።

ከአልጋው እስከ ሳሎኑ መስታወት አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሁለቴ አረፉ። ሲደርሱ ባላቸው የቆረጡትን መስታወት በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉ፤ ጋሼም መጣ። ሚስቱ የድሮ ወንበራቸውን ፈጥና ከኋላቸው አስጠጋች።

«አርፈው ይቀመጡ እንጂ እማማ!»

«ቆይ» አሉ ዓይናቸውን ከዓሣው ሳይነቅሉ። «መጀመሪያ ቆሜ ልየው።»